አልገጥም ያለው ቁጥር፦ የአንድ የዶክትሬት ተማሪ የቤት ሥራ

ሥራው ተራ የክፍል ሥራ ነበር። የታተመ ጥናት ምረጡ፤ ዳታውን ፈልጉ፤ ጸሐፊዎቹ ያገኙትን ውጤት ራሳችሁ ሠርታችሁ አምጡ። እ.ኤ.አ. በ2012/13 የትምህርት ዘመን በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት፣ የኢኮኖሚክስ ዶክትሬት ተማሪዎች ይህን ሥራ ተቀበሉ። አስተማሪው ፕሮፌሰር ማይክል አሽ ነበሩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ቶማስ ኸርንደን ይባላል።

ኸርንደን የመረጠው ትንሽ ጥናት አልነበረም። ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 ያወጡትን፣ የመንግሥት ዕዳና የኢኮኖሚ ዕድገት ግንኙነት ላይ የተሠራውን ጽሑፍ ነው ያነሳው። ሁለቱም በሙያው ትልቅ ስም ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሮጎፍ የዓለም የገንዘብ ድርጅት ዋና ኢኮኖሚስት የነበሩ የሃርቫርድ ፕሮፌሰር ናቸው፤ በዚያ ላይ የቼዝ ግራንድማስተር።

ጉዳዩ የኢኮኖሚክስ ቢሆንም የጻፍኩት በማኔጅመንት ማስተርስ ላይ ላላችሁ ነው። እኛ ዘንድ የምርምር ዘዴ ኮርስ በአብዛኛው የሚያልቀው በትርጓሜ ነው። ገላጭ ጥናት ምንድን ነው፣ የናሙና መጠን የሚያወጣው የያማኔ ፎርሙላ እንዴት ይሠራል፣ የመጠይቁን ወጥነት የሚለካው ክሮንባህ አልፋ ከ0.7 በላይ ይሁን። ከዚያ ፕሮፖዛል፣ ከዚያ መጠይቅ፣ ከዚያ ኤስፒኤስኤስ የሚባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር፣ ከዚያ ዲፌንስ። የሌላ ሰውን ጥናት ከዳታው ጀምሮ በእጁ ሠርቶ ያየ ተማሪ ስንት ይሆን? የኸርንደን ታሪክ የሚያሳየው ይህ ልምድ ለተማሪ ምን እንደሚሰጠው ነው። ደግሞም ብዙ ሰው ታሪኩን «የኤክሴል ስህተት» ብሎ አሳጥሮ ያልፈዋል። በኋላ እንደምናየው ኤክሴሉ ከታሪኩ ትንሹ ክፍል ነው።

ጥናቱ ምን ይል ነበር?

ራይንሃርትና ሮጎፍ 20 ያደጉ አገሮችን ከ1946 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ተመለከቱ። እያንዳንዱን ዓመት የመንግሥት ዕዳ ከአገሪቱ ጥቅል ምርት ጋር ሲነጻጸር ስንት በመቶ እንደሆነ እያዩ በአራት ምድብ ከፈሉት። ከ30 በመቶ በታች፣ ከ30 እስከ 60፣ ከ60 እስከ 90፣ ከ90 በላይ። ከዚያ በየምድቡ አማካይ ዕድገቱን አወጡ።

ውጤቱ በቅደም ተከተል 4.1፣ 2.8፣ 2.8 እና ኔጌቲቭ 0.1 በመቶ ሆነ። ዕዳ 90 በመቶን ሲያልፍ ዕድገት ገደል ይገባል የሚመስል ቁጥር ነው። በእርግጥ ጽሑፉ መካከለኛውን ቁጥር፣ ማለትም ሜዲያኑን፣ ጭምር አቅርቧል፤ እሱ ያን ያህል አያስደነግጥም። ግን ፖለቲከኛ ሜዲያን አያነብም።

ጊዜው ደግሞ ልክ የግሪክ ዕዳ ቀውስ የፈነዳበት ነበር። የብሪታንያው ፖለቲከኛ ጆርጅ ኦስቦርን የሁለቱን ሥራ ጠቀሱ። የአውሮፓ ኮሚሽን የኢኮኖሚ ኃላፊው ኦሊ ሬን 90 በመቶን እንደ ወሰን አነሱ። በአሜሪካ የምክር ቤት አባሉ የፖል ራያን የበጀት ሰነድ ጽሑፉን በማስረጃነት አቀረበ። የመንግሥታቱን የወጪ ቅነሳ ያመጣው ይህ ጥናት ነው ማለት ግን ማጋነን ይሆናል። በጀት መቁረጥ የፈለገ ሰው ያለ ጥናቱም ይቆርጥ ነበር። ጥናቱ የሰጠው የሚጠቀስ ቁጥር ነው፤ የሚጠቀስ ቁጥር ደግሞ ትንሽ ስጦታ አይደለም።

ቁጥሩ አልገጥም አለ

ኸርንደን በይፋ የሚገኘውን ዳታ ሰብስቦ ሠራ። ሌሎቹ ምድቦች ተቀራረቡ። ከ90 በላይ ያለው ግን በምንም መልኩ ኔጌቲቭ 0.1 ሊሆንለት አልቻለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። የትኛውም ተማሪ መጀመሪያ የሚያስበው «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» ብሎ ነው። መምህራኑም የጠረጠሩት እሱን ነበር። ከአሽ ጋር አብረው የተከታተሉት ፕሮፌሰር ሮበርት ፖሊን በኋላ ለጋዜጠኞች በግልጽ ተናግረውታል፦ እነዚያ ታላላቅ ኢኮኖሚስቶች፣ እሱ ተማሪ፤ የተሳሳተው እሱ መሆን አለበት ብለን አሰብን። አንድ ወር ያህል ደጋግመው ገፉት፣ እንደገና ሥራ አሉት። መጨረሻ ላይ ልጁ ልክ ነው አሉ።

እኔ ይህን የመምህራኑን ጥርጣሬ እወደዋለሁ። ተማሪውን አላንቋሸሹም፣ «ተወው ሌላ ርዕስ ፈልግ» አላሉትም። ግን ዝም ብለው አላመኑትም። እኛ ዘንድ ብዙ ጊዜ አማካሪው ወይ ምዕራፉን ሳያነብ ይፈርማል፣ ወይ ተማሪው ከታዋቂ ጽሑፍ ጋር የማይስማማ ውጤት ሲያመጣ «ይህ አይሆንም፣ አስተካክለህ አምጣ» ይላል። «አስተካክል» እና «እንደገና ሥራና አሳየኝ» በጣም የተለያዩ ትእዛዞች ናቸው። የመጀመሪያው ተማሪውን ቁጥር መጠምዘዝ ያስተምረዋል።

በይፋ ባለው ዳታ የትም እንደማይደርስ ሲታወቅ የቀረው መንገድ ጸሐፊዎቹን መጠየቅ ነበር። ኸርንደን ጻፈላቸው። ራይንሃርት የሠሩበትን የኤክሴል ፋይል ላኩለት፤ ከፋይሉ የሚያገኘውን ውጤት ማሳተም እንደሚችልም ነገሩት።

ይህ ኢሜይል በታሪኩ ውስጥ ሁለት መስመር ቢሆንም ከስታቲስቲክሱ እኩል ትምህርት አለበት። የሙያ ክህሎት የሚባለው ይህ ነው። ለማታውቀው ትልቅ ሰው በአጭሩ፣ በአክብሮት፣ የምትፈልገውን ለይተህ መጻፍ። «ጥናትዎ ተሳስቷል» ብለህ አትጀምርም። «የምድብ አራትን አማካይ ላገኘው አልቻልኩም፤ የሠሩበትን ሰንጠረዥ ቢልኩልኝ» ትላለህ። ማን እንደሆንክ፣ በማን ሥር እንደምትማር ትናገራለህ። የራይንሃርትም መልስ ሊመሰገን ይገባዋል። ፋይሉን ባይልኩ ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር። ብዙ ተመራማሪ ዳታ ሲጠየቅ ዝም ይላል። እኛ ዘንድማ ከዲፌንስ በኋላ ዳታው ከላፕቶፑ ወይም ከፍላሹ ጋር አብሮ ይጠፋል፤ ዓመት ቆይቶ ባለቤቱ ራሱ አያገኘውም።

ፋይሉ ሲከፈት

ኸርንደን አማካዩ የተቀመጠበትን ሴል ኤል51ን ተጫነ። ፎርሙላው ከመስመር 30 እስከ 44 ያለውን ነበር የሚያሰላው። አገሮቹ ግን እስከ መስመር 49 ይወርዳሉ። አምስት አገሮች ውጭ ቀሩ፦ ዴንማርክ፣ ካናዳ፣ ቤልጂየም፣ ኦስትሪያ፣ አውስትራሊያ።

ዓለም የያዘው ይህን ነው። የኮምፒውተሩን ማውስ ጎትቶ መጨረሻው ሳይደርስ መልቀቅ! የኮሜዲ ፕሮግራሞች ተቀባበሉት፤ ኸርንደን ራሱ በአሜሪካዊው ኮሜዲያን በስቲቨን ኮልበርት ፕሮግራም ላይ እንግዳ ሆኖ ቀረበ። ግን ኸርንደን፣ አሽና ፖሊን በኤፕሪል 2013 ባወጡት ጽሑፍ የዘረዘሩት ሌሎች ነገሮችም ነበሩ። አንደኛ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያሉ አንዳንድ ዓመታት በስሌቱ ውስጥ የሉም፦ የአውስትራሊያና የካናዳ ከ1946 እስከ 1950፣ የኒውዚላንድ ከ1946 እስከ 1949። ሁለተኛ፣ አማካዩ የተሠራው መጀመሪያ የእያንዳንዱን አገር አማካይ አውጥቶ፣ ከዚያ የአገሮቹን አማካይ እንደገና አማካይ በማድረግ ነው። አንድ ዓመት ብቻ ያለው አገርና 19 ዓመት ያለው አገር እኩል ድምፅ አላቸው። ሦስተኛ፣ ቁጥር ሲገለበጥ የተፈጠረ ትንሽ ስህተት አለ፦ የኒውዚላንድ ኔጌቲቭ 7.6፣ ኔጌቲቭ 7.9 ሆኖ ገብቷል።

አሁን ስልካችሁ ላይ ያለውን ካልኩሌተር አውጡ። አብረን እንሥራው።

በፋይሉ ስሌት ከ90 በላይ ምድብ ውስጥ ቁጥር ያላቸው ሰባት አገሮች ናቸው። ግሪክ 2.9፣ አየርላንድ 2.4፣ ጣሊያን 1.0፣ ጃፓን 0.7፣ ብሪታንያ 2.4፣ አሜሪካ ኔጌቲቭ 2.0፣ ኒውዚላንድ ኔጌቲቭ 7.9። ደምሩ፤ ኔጌቲቭ 0.5 ይመጣል። ለሰባት ሲካፈል ኔጌቲቭ 0.07፣ ሲጠጋጋ ኔጌቲቭ 0.1። ያ ታዋቂ ቁጥር ይኸው ነው። ስድስት ደቂቃ አይፈጅም።

የኤክሴሉን ስህተት ብቻ እናርመው። ከአምስቱ የተዘለሉ አገሮች ውስጥ በዚህ ምድብ ቁጥር ይዞ የሚገባው ቤልጂየም ብቻ ነው፤ 2.6። የካናዳና የአውስትራሊያ ከ90 በላይ ዓመታት አስቀድመው ከዳታው ጎድለዋል። ስምንት አገር ስናደርገው አማካዩ 0.3 ገደማ ይሆናል። ዓለም የሳቀበት ስህተት ውጤቱን ያንቀሳቀሰው ከግማሽ ነጥብ ባነሰ ነው።

ኤክሴሉን እንዳለ ትተን ኒውዚላንድን ብቻ እናስተካክል። የጎደሉት አራት ዓመታት ዕድገት 7.7፣ 11.9፣ ኔጌቲቭ 9.9 እና 10.8 ነው። የ1951 ኔጌቲቭ 7.6 ሲጨመር የአምስቱ ዓመት አማካይ 2.6 ይሆናል። ኔጌቲቭ 7.9ን አውጥታችሁ 2.6 አስገቡ። የሰባቱ አገሮች አማካይ 1.4 ደረሰ። አንድ ሴል! የአንዲት ትንሽ አገር አንድ ዓመት የዓለምን የዕዳ ክርክር አንድ ነጥብ ተኩል ያህል ወደ ታች ስቦት ነበር።

ሌላ ሙከራ። ዳታውን ምንም አንንካ፤ የሚዛኑን ነገር ብቻ እንቀይር። ለእያንዳንዱ አገር ሳይሆን ለእያንዳንዱ ዓመት እኩል ድምፅ እንስጥ። ግሪክ 19 ዓመት፣ ብሪታንያ 19፣ ጃፓን 11፣ ጣሊያን 10፣ አየርላንድ 7፣ አሜሪካ 4፣ ኒውዚላንድ 1። በጠቅላላው 71። አማካዩ 1.7 ይመጣል። የኒውዚላንድ ዓመት ከሰባት አንድ የነበረው ከ71 አንድ ሆነ፤ አቅሙ ተነነ።

አሁን ሁሉንም እናሟላ። አውስትራሊያ 3.8 በ5 ዓመት፣ ካናዳ 3.0 በ5፣ ቤልጂየም 2.6 በ25፣ ኒውዚላንድ 2.6 በ5። አሥር አገር፣ 110 ዓመት። በአገር እኩል ሚዛን 1.9። በዓመት እኩል ሚዛን 2.2። ኸርንደንና መምህራኑ ያወጡት የታረመ ቁጥር ይህ 2.2 ነው። ሌሎቹ ምድቦች በእነሱ ስሌት 4.2፣ 3.1 እና 3.2 ሆነዋል።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ስታዩ ነገሩ ይገለጣል። ዳታው የተሟላ ሲሆን የትኛውን ሚዛን ብትመርጡ ልዩነቱ 0.3 ነው፤ ማንም አይጣላበትም። ዳታው ሲጎድል ግን የሚዛኑ ምርጫ ከኔጌቲቭ 0.1 እስከ 1.7 ያወዛውዛል። ጉዱ የመጣው የጎደለ ዳታና የአማካይ አማካይ ሲገናኙ ነው። የምርምር ዘዴ መጽሐፍ ደግሞ እነዚህን ሁለቱን በተለያየ ምዕራፍ ነው የሚያስተምረን፤ አንዱ «የዳታ ማጽዳት» ሥር፣ ሌላው «ገላጭ ስታቲስቲክስ» ሥር።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ ኔጌቲቭ 2.0 ከየት መጣ? ዓመታቱ ከ1946 እስከ 1949 ናቸው። ጦርነቱ አልቆ ሠራዊቱ የሚበተንበት፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካው ትእዛዝ የሚያቆምበት ጊዜ ነው። ምርት የወረደው ዕዳ በዝቶ ነው ወይስ ጦርነት አልቆ? ይህን ኤክሴል አይነግርህም፤ ታሪክ ማወቅ ግድ ይላል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያሉት አሪንድራጂት ዱቤ በዚያው ዓመት ዳታውን በሌላ በኩል አዩት። ከፍተኛ ዕዳ በብርቱ የተያያዘው ካለፉት ዓመታት ዝቅተኛ ዕድገት ጋር እንጂ ከሚቀጥሉት ጋር አልነበረም። ማለትም ደካማ ዕድገት ዕዳን የሚቆልልበት መንገድም አለ።

የጸሐፊዎቹ መልስ

ራይንሃርትና ሮጎፍ በቀናት ውስጥ የኤክሴሉን ስህተት አመኑ፤ ማረሚያም አወጡ። ዓመታት ሆን ብለው መርጠው አስቀርተዋል የሚለውን ግን አልተቀበሉም። የኒውዚላንድና የሌሎቹ ዳታ ጽሑፉ ሲዘጋጅ ገና ተጣርቶ አላለቀም ነበር አሉ። የሚዛኑንም ምርጫ ተከራከሩበት፤ ለረጅም ጊዜ ዕዳ የተሸከመ አንድ አገር ውጤቱን ጠቅልሎ እንዳይወስደው ነው በማለት። ሌላም ነጥብ አነሱ፦ በ2012 ባሳተሙት ሰፋ ያለ ጥናት ከ90 በላይ ያለው ዕድገት 2.3፣ ከዚያ በታች ያለው 3.5 በመቶ ነበር። ዝቅ ማለቱ አለ፤ ገደሉ ግን የለም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የጥላቻና የማስፈራሪያ መልእክት እንደደረሳቸውም በኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጽፈዋል።

ፍርዴን ልናገር። ማጭበርበር አላይበትም። ዳታ ደብቆ የሚያጭበረብር ሰው ፋይሉን ለማያውቀው ተማሪ አይልክም። የማየው በሁለት ሰው እጅ የተሠራ፣ ሦስተኛ ዓይን ያላየው ሰንጠረዥ ነው። ጽሑፉ የወጣበት የአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው የጉባኤ ዕትም እንደ መደበኛው ዕትም በገምጋሚዎች አልተፈተሸም። የሚያስደንቀው ስህተቱ መኖሩ አይደለም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሚኒስትሮች ሲጠቅሱት ማንም ሴሉን ሳይነካው መቆየቱ ነው። በሚዛኑ ክርክር ግን ለሁለቱም ወገን ጆሮ እሰጣለሁ። የአንድ አገር 19 ተከታታይ ዓመታት 19 ነጻ ምስክሮች አይደሉም። አንድ ዓመት ብቻ ያለውንም አገር ከእነሱ እኩል ማስቀመጥ አያስኬድም። መሃሉን የሚሹ ዘዴዎች አሉ፤ ዋናው ግን የመረጥከውን ሚዛን በጽሑፍህ ውስጥ በግልጽ ማስፈርህና በሌላኛው ሚዛን ምን እንደሚሆን ማሳየትህ ነው።

ወደ እኛ ቴሲስ ስናመጣው

እንበል የአንድ ባንክ ቅርንጫፎች የደንበኛ እርካታ ላይ ቴሲስ እየሠራሽ ነው። ስምንት ቅርንጫፍ። ከአንዱ 120 መጠይቅ ተመለሰ፣ ከአንዱ 3። የየቅርንጫፉን አማካይ አውጥተሽ፣ እሱን ደግሞ ለስምንት አካፍለሽ «አጠቃላይ እርካታ 2.9» ብለሽ ጻፍሽ። የሦስቱ ሰዎች ቁጣ ከ120ው ጋር እኩል ቆመ። ኒውዚላንድ ይኸው መጣች። ምናልባት እነዚያ ሦስቱ መጠይቁን የሞሉት ተናድደው ስለነበር ይሆናል፤ ያልተመለሱት መጠይቆች የማን እንደሆኑ ሳይታወቅ የተመለሱት ብቻ ይናገራሉ። ይህ በብዙ ቴሲስ ምዕራፍ አራት ውስጥ አለ። ፈታኞች ግን በዲፌንስ ላይ የሚጠይቁት የገጽ ቁጥርና የማጣቀሻ አጻጻፍ ነው።

ሌላው ጣጣ ፋይሉ ነው። ጥሬው ዳታ ያለበት ገጽ፣ ስሌት ያለበት ገጽ፣ ውጤት ያለበት ገጽ ተለይተው ይቀመጡ። ጥሬው አይነካ። የመላሾችን ቁጥር ከአማካዩ ጎን ሁልጊዜ ጻፉት። ከስምንት ቅርንጫፍ የሰባቱ ብቻ ከተቆጠረ ያንኑ ቀን ይታያችኋል። የራይንሃርትና የሮጎፍ ሰንጠረዥ ከአማካዩ አጠገብ ፎርሙላው ስንት የአገር መስመር እንደሚሸፍን የሚያሳይ «15» የሚል ቁጥር ቢኖረው 20 አገር አለኝ የሚል ሰው ወዲያው ይደነግጥ ነበር።

የምርምር ዘዴ የሚያስተምር ሰው ይህን ጉዳይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊያሠራው ይችላል። የሰባቱን አገሮች ቁጥርና የዓመታቱን ብዛት ብቻ ስጡ፤ ታሪኩን አትንገሩ። «አማካዩን አውጡ» በሉ። ከክፍሉ ግማሹ ለሰባት፣ ግማሹ ለ71 ያካፍላል፤ ቢያንስ አንድ ሁለት ሰው የኒውዚላንድን ቁጥር አይቶ «ይህ ምንድን ነው?» ይላል። ያ ጥያቄ ሲመጣ የጎደሉትን አራት ዓመታት አውጡ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ተማሪ የራሱን የመረጠውን ጽሑፍ ይዞ፣ ዳታ ለመጠየቅ ለጸሐፊው የሚልከውን ኢሜይል በስምንት መስመር ይጻፍ። በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ ለአገር ውስጥ ወይም ለውጭ ሰው። ኢሜይሎቹ በእውነት ይላኩ። መልስ ያገኘው ሠርቶ ያምጣ፤ ያላገኘውም መልስ ያለማግኘቱን ነገር በግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ እሱም ነጥብ አለው።

የኸርንደን፣ የአሽና የፖሊን ጽሑፍ በ2014 በካምብሪጅ ጆርናል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ታትሟል። የመጀመሪያው ስም የተማሪው ነው።